አርባ ጊዜ፣ ያለ ምርቃት

ፀጉር ሠሪ ሆኖ ፀጉሯ የማይበጠር ልጅ ማሳደግ፣ ጥርስ የሌለው የጥርስ ሐኪም ከመሆን ይከፋል። ሐኪሙ ቢያንስ አፉን መዝጋት ይችላል። የኛ ፀጉር ሠሪ ግን በሁለት እግሯ የምትሄድ ማስታወቂያ ነበረቻት። ልጇ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በየቀኑ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቀጥ ብላ ወደ ሳሎኑ ትገባና ከበሩ ትይዩ፣ ከተቃጠለው ካስክ ሥር ትሰየማለች። ከሁለቱ የፀጉር ማድረቂያ ካስኮች ያኛው ይጮኻል፣ ይሄኛው ዝም ካለ ቆይቷል፤ የመረጠችውም ዝም ስላለ ነው። ጭንቅላቷ ላይ ያለው ነገር ፀጉር ነው ለማለት ግን ምስክር ያስፈልጋል። ከኋላ ተድበልብሏል፣ ከጎን ተነባብሯል፣ ከላይ ደግሞ ስብሰባ ረግጦ የሚወጣ ይመስል በየአቅጣጫው ተነሥቷል።

ደንበኞቹ "ዳኛዋ" ነው የሚሏት፤ ፍርዷ ይግባኝ የለውም። አንዲት ሴት ሦስት ሰዓት ሙሉ ታጥባ፣ ተጠቅልላ፣ ደርቃ፣ መስታወቱ ፊት ዞር ዞር እያለች "እንዴት ነኝ?" ስትል፣ ሳሎኑ በአንድ ድምፅ "ውይ፣ ሲያምርብሽ!" ይላል። ዳኛዋ "ቅድም ይሻል ነበር" ትላለች። ክፋት የለባትም። ተጠየቀች፣ መለሰች።

ውሸቱን የጀመረችው እናቷ ናት። ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት አዲስ ደንበኛ "ይቺ ደግሞ የማን ናት? ምነው ፀጉሯ?" ብላ ብትጠይቅ፣ ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያዋን እንደያዘች፣ "የኔ ናት። ስታይል ነው" አለች።

"የምን ስታይል?"

"አሁን ውጭ የያዙት ይሄንን ነው። 'ያልተነካ' ይሉታል።"

ሴትዮዋ ልጅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። እንዳልሰማች መታየት የሚያሳፍራት ዓይነት ሴት ስለነበረች፣ "እ፣ ሰምቻለሁ" አለች። በሳምንቱ ተመልሳ ለራሷም አሠራች። ፀጉር ሠሪዋ ያማረ ፀጉር ለማበላሸት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባት፤ ከዚያ ወዲህ አምስት ሴቶች "ያልተነካ" ተሠርተው ሄደዋል።

እውነቱን ሦስት ሰዎች ብቻ ያውቁ ነበር። ልጅቷ አምስት ዓመቷ ላይ ሐኪሙ ኦቲዝም እንዳለባት፣ ድምፅና ንክኪም ለሌላው ከሚሰማው በላይ እንደሚሰማት ነግሯቸዋል። ይህንን የሚያውቁት እናትየዋ፣ ከወር ሦስቱን ሳምንት መንገድ ላይ የሚያድረው የጭነት መኪና ሹፌር ባሏ፣ እና ሳሎኑ ውስጥ ፀጉር የምታጥበው የእናትየዋ ታላቅ እህት፣ ማለትም እትዬ ናቸው። ሌላ ሰው አልተነገረውም። ፀጉር ሠሪዋ የሰው ባል፣ የሰው ምራት፣ የሰው ልጅ እዚያው ወንበሮቿ ላይ እንዴት እንደሚበጠር ስትሰማ ነው የኖረችው። ልጇን ለዚያ ማበጠሪያ ልትሰጥ አልፈለገችም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዳኛዋ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ይዛ መጣች። ማኅተም ያለበት ነው። "ተማሪዋ እስከ ሰኞ ጠዋት ፀጉሯ ተሠርቶ ወይም ተቆርጦ ካልቀረበች ክፍል እንደማትገባ እናሳውቃለን" ይላል።

ይሄ ሦስተኛ ትምህርት ቤቷ ነው። የመጀመሪያው "ትረብሻለች" ብሎ መለሳት። ሁለተኛው "አትረብሽም፣ ግን አትመልስም" ብሎ መለሳት። እዚህኛው በር አጠገብ የምታስቀምጣትና ደወል ሊደወል ሲል ቀድማ ጆሮዋን እንድትይዝ የምትነግራት መምህርት አግኝታለች። ሰባት ወር ሆናት። ጠዋት ቦርሳዋን ራሷ ታነሣለች፤ ይሄ በነሱ ቤት ትልቅ ዜና ነው። አራተኛ ትምህርት ቤት ደግሞ በእግር በሚደረስበት ቦታ የለም።

"ዛሬውኑ እንገላገላለን" አለች እትዬ፣ እጅጌዋን እየሰበሰበች። "እኔ እይዛታለሁ፣ አንቺ አበጥሪ።"

የሆነውን በዝርዝር መናገር አያስፈልግም። እትዬ ያዘች። እናትየዋ በሙያዋ የሚታወቀውን ቀላል እጇን፣ ላባ የመሰለውን እጇን ዘረጋች፤ ማንኛዋም ፀጉር ሠሪ ለማንኛዋም ደንበኛ የምትለውንም አለች፦ "አለቀ፣ አለቀ፣ የኔ ቆንጆ አለቀ።" ዳኛዋ ጮኸች። ጩኸቱ ሲበረታ "አለቀ" ደግሞ በዛ። አንዲት ደንበኛ ጭንቅላቷ ላይ አሥራ ስምንት መጠቅለያ እንደተሰካ መንገድ ወጣች። ሌላዋ ቀለም ተቀብታ ግማሽ ላይ ስለነበረች መውጣት አልቻለችም፤ እሷ ምክር ሰጠች።

"ስልክ ነው። ስልክ አሳያችኋት።"

"ስልክ አትወድም" አለች እናትየዋ፣ ላቧን እየጠረገች።

"እንግዲያው ስልክ ስለማታሳዩዋት ነው።"

ከጩኸቱ በኋላ ባልየው ደወለ። ነገሩን ሲሰማ፣ "በቶንዶስ ላጪያትና እንገላገል" አለ።

"ቶንዶስ ስትሰማ ምን እንደምትሆን ረሳኸው?"

"ስትተኛ ነዋ።"

"አምና ስትተኛ ሞክረን፣ ስንት ወር እንቅልፍ እንቢ እንዳለች ልንገርህ?"

"እ፣ እሱስ ልክ ነሽ" አለ። "እኔ እዚህ ሆኜ ጭነት ነው የማውቀው። አሁን ሌላ ሐሳብ ቢመጣልኝ እደውላለሁ።" አልደወለም።

ዓርብ ወደ አሥር ሰዓት ላይ አንዲት ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት የሳሎኑን በር ገፋች። ጋዋኗ ኪስ ላይ የመድኃኒት ቤት ምልክት አለ። በሌላ እጇ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ይዛለች፤ ልጁ ደግሞ የሻይ ማጥለያ ይዟል። ማጥለያውን አንድ ዓይኑ ላይ ገጥሞ ጣራውን ያያል።

"ይቅርታ፣ 'ያልተነካ' የሚባለውን የሚሠሩት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ። ለእርስዎ ነው?"

"አይ፣ እኔማ... እንዲያው ሰምቼ ነው። ልጄ አሠርቷል።" ልጁን በትከሻው አዞረችው።

ፀጉር ሠሪዋ በሙያ ዓይን ተመለከተች። ከኋላ የተድበለበለው፣ ከጎን የተነባበረው፣ ሁሉም አለ። እሷ ባለ አምስት ደንበኛ ጥበበኛ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ከልጇ በቀር በማንም ላይ አይታ አታውቅም።

"ግሩም ነው" አለች። "የት ነው ያሠሩት?"

"እ... ቤት ነው። የእርስዎስ ልጅ?"

"የሷም ቤት ነው።"

"ጊዜ ይፈጃል፣ አይደል?"

"የኛ ወደ ሁለት ዓመት።"

"የኛ ሦስት።"

ሁለቱም አንገታቸውን ነቀነቁ። ቀለም ለማስተካከል ተመልሳ የመጣችው የትናንቷ ደንበኛና አጠገቧ የተቀመጠችው፣ "ያልተነካ" ከተሠሩት አምስቱ አንዷ፣ ሁለቱም ጆሯቸውን አቀኑ።

"ማጥለያውስ?" አለች ፀጉር ሠሪዋ።

"እሱም አብሮ የሚሄድ ነው።"

"ከስታይሉ ጋር?"

"ከስታይሉ ጋር።"

ከተቃጠለው ካስክ ሥር ድምፅ መጣ። "ስታይል አይደለም" አለች ዳኛዋ። "ማበጠሪያ ያመኛል። እሱንም ያመዋል።" ከዚያ ወደ ልጁ ዞረች። "ያምሃል?"

ልጁ በማጥለያው በኩል አያት። "በጣም" አለ።

እትዬ የያዘችው የውኃ ጆግ ከእጇ አመለጠ። በሚሠራው ካስክ ሥር የነበረችው ደንበኛ በጩኸቱ ምንም ስላልሰማች፣ "ምን አለች? ምን አለች?" ትላለች። "ያልተነካ" የተሠራችው ሴት በሁለት እጇ ጭንቅላቷን ያዘች።

"እና እኔስ?"

"አንቺን ምንም አያምሽም" አለች ዳኛዋ። "በገንዘብሽ ነው።"

መጀመሪያ የሳቀችው ባለ ነጭ ጋዋኗ ፋርማሲስት ናት። የማስቀመጫ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ፣ ጋዋኗን በአፏ ይዛ ሳቀች፤ ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ሄዶ ተመለሰ። ፀጉር ሠሪዋም አጠገቧ ተቀመጠች። እስካሁን "እርስዎ" ሲባባሉ የነበሩት ሁለቱ ከሣጥኑ ሲነሡ "አንቺ" ተባብለው ነበር።

"ረቡዕ ረቡዕ ከመድኃኒት ቤቱ ጀርባ፣ ካርቶኖቹ መሀል እንሰበሰባለን" አለቻት ፋርማሲስቷ። "ስድስት እናቶችና ሁለት አባቶች ነን።"

"ምን ታደርጋላችሁ?"

"መጀመሪያ እናለቅሳለን። ከዚያ ሳምንቱ ማን ላይ እንደከፋ እንወዳደራለን። ባለፈው እኔ ነኝ ያሸነፍኩት፤ ይሄ ማጥለያ የባለሥልጣን ሚስት ሻይ ውስጥ ገብቶ ነበር።" አፍንጫዋን ጠረገች። "ከዚያ ደግሞ ያገኘነውን እንነጋገራለን። እሱን ጥርስ ለማስቦረሽ ስድስት ወር ታግያለሁ። ስንት ጊዜ እንደምቦርሽ ነግሬው፣ ያልኩት ላይ ስቆም ነው የፈቀደልኝ። ያንቺዋ ለምን እንቢ እንዳለች ጠይቀሻታል?"

"ያማታላ።"

"እሱን አውቃለሁ። እሷን ጠይቀሻታል?"

ፀጉር ሠሪዋ አልጠየቀችም ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ "እንዴት ላርግልሽ?" ስትል፣ ከካስኩ ሥር ያለችውን ዘልላታለች። ተንበርክካ ጠየቀች።

"አለቀ ትያለሽ" አለች ዳኛዋ። "አላለቀም። ትናንት ሃያ ሦስት ጊዜ አለቀ አልሽ።"

"እንድትጽናኚ ብዬ እኮ ነው፣ የኔ እናት።"

"ስንት ጊዜ ነው የሚያልቀው?"

"ብዙ ነው።"

"ብዙ ቁጥር አይደለም።"

ድርድሩ ሩብ ሰዓት ወሰደ። ዳኛዋ አርባ ፈቀደች፤ በቀን አርባ ጊዜ ማበጠሪያ፣ እየተቆጠረ። ሬዲዮ ይዘጋል። ካስክ ይጠፋል። "አለቀ" የሚባለው አርባ ላይ ብቻ ነው። የመጨረሻው ነጥብ እናትየዋን አሳመማት፦ "እጅሽ አይቅለል። ሲቀል ጉንዳን ነው የሚመስለኝ። ጫን አድርጊ።" የከተማው ሴት ሁሉ "እጇ ላባ" የሚላት ፀጉር ሠሪ፣ በገዛ ልጇ ላይ ለዓመታት ጉንዳን ስታዘምት ኖራለች።

የዚያኑ ዕለት የመጀመሪያው አርባ ተበጠረ። ዳኛዋ የወንበሩን እጀታ ጨምቃ ይዛ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆጠረች፤ ሠላሳዎቹ ላይ እንባዋ ወረደ፣ ቁጥሩ ግን አልተዛባም። የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ ተፈታች። ፋርማሲስቷ እንደ ጉድ አጨበጨበች፤ ጭብጨባ ድምፅ መሆኑ ትዝ ሲላት ሁለት እጇን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ወሬው ከፀጉር ሠሪዋ ቀድሞ ቤቷ ደረሰ። ቅዳሜ ባዶ ወንበር ጠብቃ ነበር፤ ሳሎኑ ግን ጢም አለ። ዓርብ ታጥበው የሄዱ ሴቶች ቅዳሜ ሊታጠቡ መጡ። ማየት ነው የፈለጉት፣ ይታወቃል። እትዬ በር ላይ ቆማ ሕጉን አስታወቀች።

"ሬዲዮ የለም፣ ካስክ የለም፣ ወሬ የለም።"

"ወሬም?" አለች አንዲቱ፣ በደነገጠ ድምፅ።

"ወሬም።"

ወሬ የሌለበት ፀጉር ቤት ምን እንደሚመስል ያላየ አያውቀውም። ሴቶቹ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ አፋቸው እየበላቸው፣ ፈተና ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ ተቀመጡ። አፋቸውን የሚያሠሩበት ነገር ሲያጡ በሹክሹክታ አብረው መቁጠር ጀመሩ። አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። ስልክ አሳያችኋት ባይዋ ሴት ከሁሉ በላይ ከልቧ ቆጠረች። አርባ ላይ እናትየዋ "አለቀ" ብላ ማበጠሪያውን አወረደች።

እዚህ ላይ እትዬ ጠባይዋ አሸነፋት። ዕድሜ ልኳን ገበያ ላይ "መርቂልኝ" ሳትል ከፍላ አታውቅም፤ ሻጭ ኪሎውን ሞልቶ ሲያበቃ አንድ እፍኝ ካልጨመረላት የተዘረፈች ይመስላታል። ማበጠሪያውን ከእህቷ እጅ ነጠቀችና፣ "አንዲት ለምርቃት!" ብላ አወረደችው።

ዳኛዋ ተነሣች፤ አልጮኸችም። ሄዳ ካስኳ ሥር ገባች። "አርባ አንድ ነው" አለች። "አንድ ወስዳችኋል። ነገ ሠላሳ ዘጠኝ ነው።"

"ለአክስቷ እንኳ አትመርቅም?" አለች እትዬ፣ ዙሪያዋን ደጋፊ እየፈለገች። አንዲትም አልደገፈቻት። ባለ ቀለሟ ደንበኛ እንዲያውም፣ "ምን ነካሽ፣ ቃል ነው እኮ!" ብላ ተቆጣቻት።

እሑድ ሳሎኑ ዝግ ነው፤ እናት፣ ልጅና እትዬ ብቻ ነበሩ። የቀኝ ጎን ከአንዲት ዘለላ በቀር ተፈትቶ፣ ቀጫጭን ሹሩባ ሆኖ ተጎንጉኗል፤ መጎንጎን በጣት ስለሆነ ከቁጥሩ ውጪ ነው፣ ጫን እስከተደረገ ድረስ። የግራው ጎን አልተነካም። ሠላሳ ሰባት፣ ሠላሳ ስምንት። ዳኛዋ የወንበሩን እጀታ ለቃለች፤ ትከሻዋም ወርዷል። እናትየዋ እንዲህ ተረጋግታ አይታት አታውቅም።

እትዬ ከበስተኋላ በከንፈሯ ብቻ ተናገረች፦ "ቀጥዪ!" ጣቷን ወደ ግራው ጎን፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የትምህርት ቤት ደብዳቤ ቀሰረች። "ነገ ሰኞ ነው! ተመችቷታል፣ አታይም? አሁን ካልሆነ መቼ?"

ፀጉር ሠሪዋ ማበጠሪያውን እንዳነሣች ቆመች። እህቷ እውነቷን ነው። ሌላ አንድ መቶ ሃያ ጊዜ ቢሆን ጭንቅላቱ ያልቃል፤ ነገም በሩ አይዘጋም። ልጅቷ ደግሞ ዓይኗን ጨፍናለች። ሠላሳ ዘጠኝ። ማበጠሪያው ከላይ እስከ ታች ወረደ።

"አለቀ" አለች።

በአሥራ ሁለት ዓመት ሥራዋ ውስጥ እንዲህ ያለ ውድ "አለቀ" ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። እትዬ ራሷን ያዘች። ዳኛዋ አንድ ዓይኗን ከፈተች፤ ማበጠሪያው ጠረጴዛ ላይ መቀመጡን አረጋገጠች፤ "አለቀ" ብላ ተስማማች። ከወንበሩ ግን አልተነሣችም። በተጎነጎነው በኩል ጭንቅላቷን እናቷ ክንድ ላይ ጣለችው፣ ጫን አድርጋ።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱ የትምህርት ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆመው ነበር፦ ዳኛዋ፣ እናቷና መድኃኒት ቤቱ በር ላይ "እመለሳለሁ" የሚል ወረቀት ለጥፋ የመጣችው ፋርማሲስት። ከቀኝ ሆኖ ለሚያያት ዳኛዋ ለፎቶ የተዘጋጀች ልጅ ናት። ከግራ ሆኖ ለሚያያት አደጋ የደረሰባት።

ርእሰ መምህሩ ቢሯቸው ያስገቧቸው ተነሥተው ነው። ኮታቸው በደንብ የተተኮሰ፣ የቀሯቸውን ጥቂት ፀጉሮች ከግራ ጆሮ ወደ ቀኝ ጆሮ በጥንቃቄ ያሻገሩ ሰው ናቸው። ፀጉር ሠሪዋ አንድ ጊዜ ጭንቅላታቸውን፣ አንድ ጊዜ ልጇን አየችና በልቧ ጸለየች።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ ርእሰ መምህሩ፣ ወንበራቸውን ትንሽ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ትንሽ ወደ ግራ እያደረጉ።

ያቺ የድሮዋ ቃል፣ "ስታይል"፣ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ዋጠቻት።

"አልጨረስንም፣ መምህር" አለች። "ልጄ ኦቲዝም አለባት። ፀጉሯን ሲነኳት ያማታል። በግድ ስንይዛት ነው የኖርነው። አሁን በቁጥር ፈቅዳልናለች፤ ሦስት ቀን ሠራን፣ ግማሹ ደረሰ። ትናንት በጉልበት ልጨርሰው እችል ነበር። አልጨረስኩም።"

"ለምን?"

"ከዚያ በኋላ አታምነኝማ።"

ርእሰ መምህሩ እስክሪብቷቸውን ደብዳቤው ላይ አሳረፉ። "ደንቡ ስለ ግማሽ የሚለው የለም" አሉ። "ለመሆኑ መቼ ነው የሚደርሰው?"

"ጥቂት ቀን ቢታገሱን—" ማለት ስትጀምር ፋርማሲስቷ እግሯን ረገጠቻት። ፀጉር ሠሪዋ ዝቅ ብላ ልጇን ጠየቀቻት። "ስንት ቀረን?"

"መቶ ሃያ" አለች ዳኛዋ። "ዛሬ አርባ፣ ማክሰኞ አርባ፣ ረቡዕ አርባ። ሐሙስ ጠዋት ተሠርቼ እመጣለሁ። እትዬ ካልነካች።"

ርእሰ መምህሩ እስክሪብቷቸውን አነሡ። ከዚያ፣ "ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ" አሉ። "ወላጅ ሁሉ 'ነገ'፣ 'በቅርቡ'፣ 'እናስብበታለን' ነው የሚለኝ። ቁጥር የነገረኝ ሰው የለም።"

ዳኛዋ ይህን ሁሉ ጊዜ የምታየው ጭንቅላታቸውን ነበር። "የእርስዎ አልቋል" አለች።

ፀጉር ሠሪዋ ዓይኗን ጨፈነች። ፋርማሲስቷ ግድግዳው ላይ ያለውን የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ በከፍተኛ ትኩረት ማንበብ ጀመረች። ርእሰ መምህሩ እጃቸውን ቀስ አድርገው ወደ ጭንቅላታቸው ሰደዱ፤ ያሻገሩትን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉት።

"ባለቤቴ 'ገና አለ' ነው የምትለኝ" አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"እንዲጽናኑ ብላ ነው" አለች ዳኛዋ።

ደብዳቤው ላይ "እስከ ሐሙስ" ብለው ጻፉና ፈረሙ። ከዚያ እናትየዋን ቀና ብለው አይዋት። "ፀጉር አንድ ጊዜ ተሠርቶ አይቀርም፤ በየወሩ እንዲህ ኮሪደር ላይ ልንገናኝ አይገባም። ልጅቷ ምን እንደሚያስፈልጋት በጽሑፍ አምጡልኝ። ቁጥሩንም ጨምሩበት። ለመምህራኑ እኔ አነብላቸዋለሁ።"

"ረቡዕ አብረን እንጽፈዋለን" አለች ፋርማሲስቷ፣ ከሰሌዳው ሳትዞር።

መምህርቷ በር ላይ መጥታ "ደወሉ ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል" ስትል፣ ዳኛዋ ጆሮዎቿን ይዛ፣ ቦርሳዋን ራሷ ተሸክማ ተከተለቻት። ወደ ኋላ አላየችም። ሥራ ነበረባት።

ሁለቱ ሴቶች ከግቢው ወጡ። አንድ መቶ እርምጃ ያህል ሄዱ። ከዚያ ፀጉር ሠሪዋ፣ "አንድ ጊዜ" አለች፣ "ሦስት ዓመት ከስድስት ወሯ ላይ፣ የሊፍት በር ውስጥ—" ብላ ጀመረች። ከዚያ ያን ጊዜ ጎረቤት ያለው፣ እሷ ደግሞ የመለሰችው ውሸት። ከዚያም ሁለተኛው ትምህርት ቤት። ባሏ በስልክ ያለቀሰ ቀን። ከዚያ ደግሞ ልጅቷ ስፌቱ ይወጋኛል ብላ የጣለችው ካልሲ። አራት ዓመት የተቆለፈ ነገር እንደ ውኃ ቧንቧ ፈነዳ፤ መድኃኒት ቤቱን አለፉት፣ ሳሎኑንም አለፉት፣ መንገደኛው እየዞረ ያያቸዋል፣ እሷ እጇን እያወናጨፈች ታወራለች።

"ኧረ ቆይ" አለች ፋርማሲስቷ፣ በሳቅ ክንዷን ይዛ። "ለረቡዕም አስተርፊ እንጂ!"

"አታስቢ" አለች ፀጉር ሠሪዋ። "ገና ካልሲው ላይ ነኝ።"